የሬቲና ሕዋስ ንቅለ ተከላ ለወንድሜ ይሆናል ወይ?

ጥያቄው ሲያጥር እንዲህ ነው፦ «ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመሽ ማየት ይቸግረዋል፤ ዳፍንት ነው እየተባለ ጉበትና ካሮት ሲበላ ነው ያደገው። አሁን ከጎኑ የሚመጣ ሰው አይታየውም፣ ፊት ለፊት ግን ስልኩን ያነባል። ሬቲናይቲስ ፒግመንቶዛ ነው፣ መድኃኒት የለውም ተባልን። በዘራችን ማየት የተሳነው የለም። የሬቲና ሕዋስ ተተክሎ እንደሚድን ኢንተርኔት ላይ አየን፤ ውጭ አገር ያለ አንድ ክሊኒክ ሁለቱንም ዓይኑን በግንደ ሕዋስ እናክማለን ብሎ ብዙ ዶላር ጠየቀን። ቤት ልንሸጥ እያሰብን ነው። እኔስ አንድ ዓይኔን ብሰጠው አይሆንም?»

ቤቱን አይሽጡ። ምክንያቱን ወደ ታች በሰፊው እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ የመጨረሻውን ጥያቄዎን ላንሣ፣ እሱ ቶሎ ያልቃል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በሬዲዮ «የዓይን ብሌንዎን ይለግሱ» ሲባል የምንሰማው ብሌን ኮርኒያ ነው፤ ከዓይን ፊት ያለው፣ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም የማያልፍ፣ እንደ ሰዓት መስታወት የጠራ ሽፋን። የዓይን ባንክ የሚወስደው እሱን ነው፣ ያውም ለጋሹ ካረፈ በኋላ። ኮርኒያ የደም ሥር ስለሌለው የሌላ ሰው ቢሰፋበትም ብዙ ጊዜ ይቀበላል። የወንድምዎ ችግር ያለው ግን ከኋላ፣ የዓይንን ውስጠኛ ግድግዳ በለበሰው ሬቲና ላይ ነው። ሬቲና የአንጎል ቅጥያ ነው። ከአንጎል ጋር የሚያገናኘው ነርቭ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ክሮች አሉት፤ አንዴ ከተቆረጡ መልሶ የሚቀጥልበት ዘዴ እስካሁን የለም። በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ለአንድ ታካሚ ሙሉ ዓይን ተተክሎለት ነበር። ዓይኑ ደም እየተዘዋወረበት ቅርጹን ይዞ ቆየ፣ ማየት ግን አልቻለም። ስለዚህ የእርስዎ ዓይን እርስዎ ጋር ይቆይ።

የትኛው ሕዋስ ነው የሞተው?

«የሬቲና ሕዋስ መትከል» የሚለው አባባል ብዙ ነገር ይደባልቃል። ሬቲና ውስጥ ብዙ ዓይነት ሕዋስ አለ፤ ለወንድምዎ ጉዳይ ሁለቱን መለየት ይበቃል።

አንደኛው ብርሃን ተቀባዩ ሕዋስ ነው። በጨለማ የሚያገለግሉት ሮዶች ይባላሉ፣ ወደ 100 ሚሊዮን ይጠጋሉ፤ ለቀለም፣ ለንባብና ለሰው ፊት የሚያገለግሉት ኮኖች ደግሞ ጥቂት ሚሊዮን ብቻ ሲሆኑ መሀል ላይ፣ ማኩላ በሚባለው ቦታ ይታጨቃሉ። ሁለተኛው ከብርሃን ተቀባዮቹ ሥር እንደ ምንጣፍ የተነጠፈው፣ ጥቁር ቀለም ያዘለ አንድ ረድፍ ሕዋስ ነው፤ ሐኪሞች አርፒኢ ይሉታል። ይህ ምንጣፍ መጋቢም ጽዳት ሠራተኛም ነው። እያንዳንዱ ብርሃን ተቀባይ በየቀኑ ጫፉን አንድ አስረኛ ያህል ያራግፋል፣ አርፒኢው ያንን ውጦ ይፈጫል፤ ቫይታሚን ኤንም አድሶ ይመልስለታል። አርፒኢው ሲሞት ከላዩ ያለው ብርሃን ተቀባይ በምግብ እጦትና በራሱ ቆሻሻ ይሞታል።

ሬቲናይቲስ ፒግመንቶዛ በዓለም ላይ ከ4,000 ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል። አንድ በሽታ አይደለም፤ ከ80 በላይ ዘረመሎች አንዱ ሲበላሽ የሚመጣ የበሽታ ቤተሰብ ነው። በአብዛኞቹ መጀመሪያ የሚሞቱት ሮዶች ናቸው፤ ለዚህ ነው ዳፍንት የሚቀድመው፣ ቀጥሎ የጎን እይታ እንደ ቧንቧ የሚጠበው። ኮኖቹ የሚከተሉት በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜ የራሳቸው ዘረመል ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሮዶቹ ስላለቁባቸው ብቻ ይደክማሉ። ወንድምዎ ስልክ ማንበቡ መሀል ያሉት ኮኖች አሁንም በሕይወት እንዳሉ ይነግረናል። ይህን ነገር ይያዙልኝ፤ ከታች ያለው ውሳኔ ሁሉ በእሱ ላይ ነው የሚዞረው።

ጉበትና ካሮቱ ስሕተት አልነበረም። በአማርኛ ዳፍንት የምንለው የቫይታሚን ኤ እጥረትንም ይህንንም ይጠራል፤ የእጥረቱ ዳፍንት በቫይታሚኑ ይድናል፣ የዘር ውርሱ አይድንም። አሁን ግን ከፍተኛ መጠን ያለው የቫይታሚን ኤ እንክብል ሐኪም ሳያውቅ እንዳይወስድ። ጉበት ይጎዳል፤ ጥፋቱ ኤቢሲኤ4 የሚባለው ዘረመል ላይ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ቫይታሚኑ ራሱ ሬቲናው ላይ መርዛማ ቆሻሻ ያከማቻል።

ምንጣፉን መትከል

እስካሁን በሰው ላይ በብዛት የተሞከረው አርፒኢ ነው፣ ምክንያቱም ይቀላል። ከአንጎል ጋር የነርቭ ግንኙነት አያስፈልገውም፤ ቦታው ላይ ተኝቶ ሥራውን ከሠራ በቂ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥም ራሱን ያሳውቃል፦ ግንደ ሕዋሶቹ (ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጡ የሚችሉ ለጋ ሕዋሶች) በሳህን ላይ ለሳምንታት ሲያድጉ እዚህም እዚያም ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል፣ ያንን በአጉሊ መነጽር ሥር ለቅሞ ለብቻው ማባዛት ይቻላል። ከመጀመሪያው እስከ መትከል ብዙ ወራት ይፈጃል።

አሜሪካ ውስጥ ውጤቱ በ2014 በታተመ ሙከራ 18 ሰዎች፣ 9 ስታርጋርት የሚባል የማኩላ የዘር በሽታ ያለባቸው፣ 9 ደግሞ በዕድሜ የመጣ የማኩላ መድረቅ ያለባቸው፣ ከ50,000 እስከ 150,000 ሕዋስ በአንድ ዓይናቸው ተወጋላቸው። በ13ቱ ላይ ቀለም ያለው ሕዋስ ቦታው ላይ መያዙ ታየ፣ ዕጢም አልበቀለም። አንዳንዶች በእይታ መለኪያው ሰሌዳ ላይ ተጨማሪ ፊደል አነበቡ፤ ጋዜጦች ሩጠው «ዕውራን አዩ» ያሉት ያኔ ነው። ሆኖም ለንደን ውስጥ በ12 የስታርጋርት ሕሙማን ላይ እስከ 200,000 ሕዋስ ተሰጥቶ በጥንቃቄ ሲለካ፣ እይታ ተሻሻለ የሚያሰኝ ማስረጃ አልተገኘም። ነገሩ ለገበሬ ግልጽ ነው፤ ተክሉ ሥሩ ደርቆ ካለቀ በኋላ አፈር ቢቀየር አያበቅልም።

ጃፓን ኮቤ ውስጥ በ2014 በማሳዮ ታካሃሺ የሚመራው ቡድን ከታካሚዋ ከራሷ ቆዳ ግንደ ሕዋስ ሠርቶ፣ ከእሱ አርፒኢ አሳድጎ 1.3 በ3 ሚሊ ሜትር የሆነ ስስ ቁራጭ ተከለላት። ቁራጩ ያዘ፤ እይታዋ ባይሻሻልም አልወረደም። ለሁለተኛው ታካሚ ተመሳሳይ ነገር ሲዘጋጅ ግን ሕዋሶቹ ላይ የዘረመል ለውጥ ስለተገኘ ሳይተከል ቀረ። በ2017 ያው ቡድን የእያንዳንዱን ሰው ሕዋስ ማሳደጉን ትቶ ከለጋሽ የተዘጋጀና የሚስማማ ሕዋስ ለአምስት ሰዎች ሰጠ። ለንደን ውስጥ ደግሞ በ2015 ሁለት ሰዎች 6 በ3 ሚሊ ሜትር፣ የአንድ ስንዴ ፍሬ የሚያህል፣ በስስ ፖሊስተር ላይ የተነጠፈ አርፒኢ ተተከለላቸው፤ በዓመቱ አንዱ 29፣ ሌላው 21 ተጨማሪ ፊደል አነበቡ። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች በዕድሜ ምክንያት ከማኩላቸው ሥር ደም የፈሰሰባቸው ነበሩ፣ በሽታውም ገና ትኩስ ነበር። የወንድምዎ ዓይነት አልነበሩም።

ለዘር በሽታ አርፒኢ መትከል የሚያስኬደው የተበላሸው ዘረመል ራሱ አርፒኢ ውስጥ የሚሠራ ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ አርፒኢ65፣ ኤልራት ወይም መርቲኬ። ፓሪስ ውስጥ እንዲህ ላሉ ሕሙማን በእንግዴ ልጅ ሽፋን ላይ ያደገ አርፒኢ መትከል በሙከራ ተጀምሯል። ጥፋቱ ሮዶቹ ውስጥ ከሆነ ግን ምንጣፉን መቀየር ቤቱን አይጠግነውም።

ብርሃን ተቀባዩን መትከል

እውነተኛው ተስፋም እውነተኛው ችግርም እዚህ ነው። የተተከለው ሕዋስ በሕይወት መቆየት ብቻ አይበቃውም፤ በአንድ በኩል ጫፉን ወደ አርፒኢው ዘርግቶ ብርሃን መቀበል፣ በሌላ በኩል ከቀጣዩ ነርቭ ጋር መጋጠም፣ መልእክቱም አንጎል በሚረዳው መንገድ መድረስ አለበት።

በ2006 ለንደን ውስጥ ከአዲስ የተወለዱ አይጦች የተወሰዱ፣ ሮድ ሊሆኑ ጥቂት የቀራቸው ሕዋሶች በሌሎች አይጦች ሬቲና ላይ ተተክለው ያዙ ተባለ። የተተከሉት በአረንጓዴ ፕሮቲን ምልክት የተደረገባቸው ስለነበሩ፣ ሬቲናው ውስጥ አረንጓዴ ሮድ ሲታይ «ይኸው ገብቶ ተሰካ» ተብሎ ተቆጠረ። ለአሥር ዓመት ያህል ዘርፉ በዚያ ላይ ተራመደ። በ2016 ግን የተለያዩ ቡድኖች ሲመረምሩት ከአረንጓዴዎቹ አብዛኞቹ የተተከሉት ሳይሆኑ የአይጡ የራሱ ሮዶች ሆነው ተገኙ። የተተከሉት ሕዋሶች ከሬቲናው ውጭ ተቀምጠው ፕሮቲናቸውን ለነባሮቹ አቀብለዋል እንጂ አልገቡም። ይህ ማቀበል ራሱ የታመመ ነባር ሕዋስን ሊደግፍ ይችላል፤ የሚደገፍ ነባር ሕዋስ ካለ። ሮዱ አልቆ በጠፋበት ዓይን ግን ማን ይቀበላል? ከ2016 በፊት የታተመና «በአይጥ ተሳካ» የሚል ዜና ካነበቡ በዚህ ዓይን ይመልከቱት።

ሌላው እንቅፋት መሬቱ ነው። ብርሃን ተቀባዮቹ ሲሞቱ ደጋፊ ሕዋሶች ቦታውን እንደ ጠባሳ ይሸፍኑታል፤ መልእክት ይቀበሉ የነበሩት ነርቮችም ቅርንጫፋቸውን ይሰበስባሉ፣ ሌላ ቦታ ይጋጠማሉ። ሦስተኛው፣ ከግንደ ሕዋስ ላቦራቶሪ ውስጥ ያደገ ትንሽ ሬቲና ሲተከል ሕዋሶቹ ተጠቅልለው እንደ ጽጌረዳ እምቡጥ ይሆናሉ፦ ብርሃን ተቀባይ ጫፋቸው ወደ አርፒኢው መሆኑ ቀርቶ ወደ እምቡጡ ውስጥ ይዞራል። ሕያው ነው፤ ግን ፊቱን አዙሮ የተቀመጠ ነው።

ኮቤ ውስጥ በ2020 እንዲህ ያለ የሬቲና ቁራጭ በሬቲናይቲስ ፒግመንቶዛ ለተጎዱ ሁለት ሰዎች ተተከለ፤ ለሁለት ዓመት ተከታትለው ውጤቱን በ2023 አሳተሙ። ቁራጮቹ በቦታቸው ቆዩ፣ ሬቲናው በዚያ ቦታ ወፈረ፣ ከባድ ጉዳትም አልደረሰም። ማንበብ ወይም ብቻ መሄድ አስቻለ የሚባል ውጤት ግን አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ብሉሮክ የሚባለው ኩባንያ ኦፕሲቲ-001 የሚል ስም ያለውን፣ ከግንደ ሕዋስ የተሠራ ለጋ ብርሃን ተቀባይ ሕዋስ በሰው ላይ መሞከር የጀመረው በ2025 ነው። ጀመረ ማለት ደኅንነቱንና ልኩን መፈተሽ ጀመረ ማለት ነው።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ከጽንስ ሬቲና የተወሰዱ ሕዋሶችን ዓይን ውስጥ ባለው ዝልግልግ ፈሳሽ ውስጥ መርጨት። እነዚህ ሬቲናው ውስጥ አይገቡም፤ የሚታሰበው በሚያመነጩት ንጥረ ነገር የደከሙትን ኮኖች እንዲያበረቱ ነው። 3 ወይም 6 ሚሊዮን ሕዋስ በመርፌ የተሰጠበት የአሜሪካ ሙከራ ተጠናቆ፣ በጥቅሉ ሲታይ ካልተሰጣቸው ጋር በቁጥር የሚያሳምን ልዩነት አላመጣም። ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት መካከል ጥቂቶች ስለተሻላቸው ጥናቱ ቀጥሏል።

ቀዶ ሕክምናው እንዴት ነው የሚሠራው?

ክሊኒክ ሲያማልል «አንድ መርፌ ነው፣ ሠላሳ ደቂቃ» ይላል። በትክክለኛ ሙከራ ሲሠራ እንዲህ ነው። በዓይን ነጩ ላይ፣ ከጥቁሩ ጠርዝ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚያህሉ ሦስት ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፦ አንዱ ፈሳሽ ማስገቢያ፣ አንዱ መብራት፣ አንዱ መሣሪያ። ዝልግልጉ ፈሳሽ ተቆርጦ ይወጣል፣ ከሬቲናው ላይም ተላጥቆ ይነሣል። ከዚያ ጫፏ አንድ አስረኛ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነች ቱቦ ሬቲናውን ወግታ ጨዋማ ውኃ ከሥሩ ታስገባለች፤ ሬቲናው እንደ እንጀራ ዓይን ሳይሆን እንደ ውኃ የቋጠረ ቁስል ከፍ ይላል። ሕዋሱ የሚገባው በዚያ ከረጢት ውስጥ ነው፤ መጠኑ 0.15 ሚሊ ሊትር፣ ሦስት ጠብታ ቢሆን ነው። የሚተከለው ቁራጭ ከሆነ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ዙሪያው በሌዘር ይታተማል፣ ዓይኑ ለተወሰነ ጊዜ በሲሊኮን ዘይት ይሞላል፤ ዘይቱን ለማውጣት ደግሞ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና አለ።

የሚበላሸውም በየደረጃው ነው። ሕዋሱ በፍጥነት ከተገፋ በጠባቧ ቱቦ ውስጥ ተፋጭቶ ይሞታል። ቱቦዋ ስትወጣ ሕዋሱ በቀዳዳው ተመልሶ ካመለጠ ሬቲናው ላይ ይነጠፍና ሽፋን ሆኖ ይጎትተዋል፤ ጉተታው ሬቲናውን ነቅሎ ሊያነሣው ይችላል። ለንደን ከተተከለላቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ላይ የሬቲና መነቀል ደርሶ በሌላ ቀዶ ጥገና ተመልሷል። በሬቲናይቲስ ፒግመንቶዛ ሬቲናው ስለሚሳሳ ውኃው ሲገባ መሀሉ ሊቀደድ ይችላል፤ ሳይቀደድም እንኳ ከአርፒኢው መለየቱ ብቻ የቀሩትን ጥቂት ኮኖች ይጎዳቸዋል። ለዚህ ነው የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራዎች የሚመርጡት እይታው በጣም የወረደ ሰው፣ ያውም የከፋውን ዓይን ብቻ። ስልክ የሚያነብ የ26 ዓመት ወጣት መሀል እይታው ላይ ይህን ማድረግ፣ በዛሬው ደረጃ፣ ትርፉ ግምት ኪሳራው እርግጠኛ የሆነ ንግድ ነው።

መድኃኒቱም አለ። ሕዋሱ የሌላ ሰው ሲሆን ሰውነት እንዳይገፋው ታክሮሊመስና ማይኮፌኖሌትን የመሰሉ መከላከያን የሚያዳክሙ መድኃኒቶች ለሳምንታት ወይም ለወራት ይሰጣሉ። ኩላሊት ይፈተናል፣ ኢንፌክሽን ይቀላል። ከእኛ አገር ለሚሄድ ሰው አንድ ነገር በተለይ ይመለከተዋል፦ ሳይታወቅ ተኝቶ የኖረ የሳንባ ነቀርሳ በእነዚህ መድኃኒቶች ሊነሣ ይችላል። ይህን ሳይጠይቅና ሳይመረምር መድኃኒት የሚጀምር ቦታ ሥራውን አያውቅም። «የራሱን ሕዋስ እንጠቀማለን፣ ስለዚህ አይገፋም» የሚል መልስ ከሰጡዎት ደግሞ ቀጥለው ይጠይቁ፦ ያ ሕዋስ ያንኑ የተበላሸ ዘረመል ይዟል፤ መቼ፣ የትኛው ላቦራቶሪ፣ እንዴት አረመው?

ስለ ጠየቃችሁ ክሊኒክ

ስሙን ማወቅ አያስፈልገኝም፤ አሠራሩ ይታወቃል። ከሆድ ስብ ወይም ከመቅኒ ሕዋስ ይቀዳሉ፣ በሰዓታት ውስጥ አዘጋጅተው ዓይን ውስጥ ይወጋሉ። የስብ ሕዋስ ዓይን ውስጥ ቢገባ ሮድ ወይም ኮን አይሆንም። ዝልግልጉ ውስጥ ግን ጠባሳ የሚሠሩ ሕዋሶችን ሊያፈራ ይችላል፣ ጠባሳው ይኮማተራል፣ ሬቲናውን ይነቅላል። በ2017 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የታተመው የሦስት ሴቶች ጉዳይ ይህ ነው፦ ፍሎሪዳ ውስጥ እያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር ከፍለው ከራሳቸው ስብ የተወሰደ ሕዋስ በአንድ ቀን በሁለቱም ዓይናቸው ተወጋ። በቀናት ውስጥ ደም መፍሰስ፣ የግፊት መጨመር፣ የሬቲና መነቀል ተከተለ፤ ሲመጡ በመጠኑ ያዩ የነበሩት ወደ ሙሉ ወይም ሙሉ ሊባል ወደሚችል ዕውርነት ወረዱ።

ከዚያ ታሪክ ሁለት ምልክት ይያዙ። ማንኛውም ትክክለኛ ሙከራ አዲስ ነገር በሁለቱ ዓይን በአንድ ቀን አይሰጥም። ለሚሞከረው ነገርም ታካሚን አያስከፍልም። ክሊኒኩ «ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ገቭ ላይ ተመዝግበናል፣ ቁጥራችን ይኸው» ቢልዎት አይርኩ፤ ያ የአሜሪካ የሕክምና ሙከራዎች መዝገብ ነው፣ ፈቃድ አይደለም። ማንም አመልካች ሊመዘገብበት ይችላል፤ ከሦስቱ ሴቶችም መካከል ጥናት ላይ የምትሳተፍ መስሏት የገባች ነበረች። መዝገቡን ሲከፍቱ ማን እንደሚያስፈጽመው፣ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ወይም ሆስፒታል እንዳለበት፣ የትኛው ሕዋስ በየትኛው ቦታ እንደሚገባ፣ ታካሚው ይከፍል እንደሆነ ይመልከቱ።

ደግሞም ብዙ ቤተሰብ የማያስበው ጉዳት አለ። አብዛኞቹ እውነተኛ ሙከራዎች ከዚህ በፊት የግንደ ሕዋስ መርፌ የተወጋን ዓይን አይቀበሉም። አምስት ወይም አሥር ዓመት ቆይቶ ለወንድምዎ የሚሆን ነገር ቢመጣ፣ ዛሬ የተከፈለበት መርፌ ያኔ በር ይዘጋበታል።

እስከዚያ ምን ይደረግ?

ቤት ሳይሸጥ የሚደረግ ብዙ ነገር አለ። «መድኃኒት የለውም» የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው ለሥሩ ነው፤ በሽታው ይዟቸው የሚመጣቸው ችግሮች ግን መድኃኒት አላቸው።

የመጀመሪያው ኦሲቲ የሚባለው የሬቲና ምስል ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም ሆነ በትልልቅ የግል የዓይን ማዕከላት የሬቲና ስፔሻሊስት ዘንድ ይጠይቁ። በምስሉ ላይ ሁለት ነገር እንዲነግርዎ ሐኪሙን ይጠይቁት፦ መሀል ላይ የብርሃን ተቀባዩ መስመር ምን ያህል ስፋት ቀርቷል? ማኩላው ውኃ ቋጥሯል ወይ? የማኩላ ውኃ መቋጠር በዚህ በሽታ የተለመደ ነው፣ ንባብን ያደበዝዛል፣ ሕመምተኛውም «በሽታው ጨመረ» ብሎ ዝም ይላል። ብዙ ጊዜ በዶርዞላማይድ ጠብታ ወይም በአሴታዞላማይድ ኪኒን ይቀንሳል። ኪኒኑ ጣት ያደነዝዛል፣ ፖታሲየም ያወርዳል፣ የኩላሊት ጠጠር ሊያመጣ ይችላል፤ የሰልፋ አለርጂ ካለበትም አስቀድሞ ይናገር። ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ ምስሉ ተደግሞ ካልቀነሰ መቀጠሉ ትርጉም የለውም።

ሁለተኛው የዓይን ሞራ ነው። በዚህ በሽታ በወጣትነት፣ ከሌንሱ ጀርባ ይጀምራል፤ ምልክቱ ፀሐይ ላይና የመኪና መብራት ሲመጣ መጥበርበር ነው። ማኩላው ደህና ከሆነ ሞራውን ማውጣት ይጠቅማል። «ሬቲናህ ስለታመመ ሞራህን ብናወጣም ዋጋ የለውም» ከተባለ ሁለተኛ ሐኪም ይጠይቁ።

ሦስተኛው፣ ለነገ በሩን የሚከፍተው፣ የዘረመል ምርመራ ነው። ደም ወይም ምራቅ ተወስዶ ከመቶ በላይ ዘረመሎች በአንድ ጊዜ ይነበባሉ። መልሱ አርፒኢ65 በሁለቱም ቅጂ የተበላሸ ከሆነ ዛሬውኑ የጸደቀ ሕክምና አለ፤ በ2017 መጨረሻ አሜሪካ ያጸደቀችው ሉክስተርና ነው፣ ጤነኛውን ዘረመል ቫይረስ ላይ ጭኖ ከሬቲና ሥር የሚያስገባ። ዋጋው ለሁለት ዓይን 850,000 ዶላር ተብሎ ነው የወጣው። የዚህ ዘረመል ድርሻ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ተስፋውን በልክ ያድርጉት። ነገር ግን የዘረመል ስም የሌለው ሕመምተኛ አብዛኞቹ የዘረመል ሙከራዎች ውስጥ አይገባም። ምርመራው ከተደረገላቸው አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት መልስ ሳያገኙ ይቀራሉ። ለእኛ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ ማነጻጸሪያ መዝገቦቹ በአብዛኛው በአውሮፓውያን ደም የተሞሉ ስለሆኑ «ለውጥ ተገኝቷል፣ ትርጉሙ አልታወቀም» የሚል ወረቀት በብዛት ይመጣል። ያኔ የእናትና የአባታችሁ ናሙና አብሮ ሲመረመር ብዙው ግልጽ ይሆናል፤ ስለዚህ በሕይወት ካሉ የሦስቱም ናሙና በአንድ ጊዜ ቢሰጥ ይሻላል።

በዘራችን የለም ያሉት ነገር በሽታው የዘር መሆኑን አያስቀርም። ብዙዎቹ ዓይነቶች እንዲወጡ ከአባትም ከእናትም አንድ አንድ የተበላሸ ቅጂ መገናኘት አለበት። ሰባት ቤት ቆጥሮ መጋባት ይህን አጋጣሚ በእጅጉ ይቀንሰዋል፣ ጨርሶ አያጠፋውም። እንዲህ ከሆነ እርስዎ ጤነኛ ሆነው ቅጂውን የመሸከም ዕድልዎ ከሦስት ሁለት ነው፤ ልጆችዎ ላይ የሚወጣው ግን የትዳር ጓደኛዎም ተሸካሚ ሲሆን ብቻ ነው። ጥፋቱ በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ያለው አርፒጂአር ሆኖ ከተገኘና እናታችሁ ተሸካሚ ከሆኑ ስሌቱ ይለወጣል፦ እርስዎ ሴት ከሆኑ የመሸከም ዕድልዎ ግማሽ ነው፣ ተሸካሚ ከሆኑ ደግሞ እያንዳንዱ ወንድ ልጅዎ በሽታውን የመውረስ ግማሽ ዕድል አለው። ምርመራው ለወንድምዎ ብቻ የማይሆነው በዚህ ነው።

ሲጋራ ካለ ይተው፤ ከቤት ውጭ ባለጥላ ኮፍያና ጥቁር መነጽር ያድርግ። ነጭ ዘንግ ማታ ማታ መያዝ ከጀመረ መሀል እይታው እያለ ቢለማመደው ይቀለዋል።

በየዓመቱ ኦሲቲና የእይታ ስፋት ምርመራ ያድርግ፣ በተቻለ በዚያው በአንዱ መሣሪያ፤ በተለያየ መሣሪያ የተነሣ ምስል አይነጻጸርም። ውጤቱን ሲቀበሉ በወረቀት የታተመው አይበቃም፤ ዋናውን ፋይል በፍላሽ ይጠይቁ፣ ቀኑንና የመሣሪያውን ስም ጽፈው ያስቀምጡ። የሙከራ ማዕከል ሰነድ ሲጠይቅ የሚፈልገው የሁለትና የሦስት ዓመት ተከታታይ ምስል ነው፣ እሱን ደግሞ ያለፈ ዓመት ተመልሶ ማንሣት አይቻልም።